ማገሩ በውጭ በኩል የተመታ አጥር

ወይዘሮ ወርቅነሽ ባለቤቴ ናት፤ አቶ ሲርሞሎ ጎረቤቴ ናቸው፤ ደጉ ደግሞ አቶ ሲርሞሎ «እጁ ወርቅ ነው» ብለው ያመጡልኝ አናጢ ነው።

በነገሩ ሁሉ «ችግር የለም» የሚል ሠራተኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? ላፍቶ ውስጥ ያልገጠመው ሰው ካለ፣ ገና ቤት አልሠራም ማለት ነው። ደጉ የቆርቆሮ አጥሬን ሲጨርስ ወጥቼ አየሁት። አግዳሚውን ማገር በሙሉ በመንገዱ በኩል መትቶታል፤ ሲሠራ ጥላው ያለው በዚያ በኩል ነበራ!

«አንተ፣ ይህ እኮ ለሌባ መሰላል ነው!» አልኩት።

«ችግር የለም ጋሼ፤ የቆረጠ ሌባ ግንብም አያቆመው።»

«ታዲያ አጥር ለምን አሠራን?» አለች ወርቅነሽ።

«ለድንበር ነዋ፣ እትዬ!»

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ግቢያችን ገባ። በሩን ማን ያንኳኳል? እንደ ደረጃ በማገሩ ወጥተው፣ የወርቅነሽን ጎመን ረግጠው፣ ኳሳቸውን ይዘው ተመለሱ። አንዱማ አመስግኖናል።

ለልጅ የተመቸ አጥር ሌባን እንደማያስቸግር ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ደጉን ማገሩን አፍርሶ በውስጥ በኩል እንዲመታው አስገደድኩት። አቶ ሲርሞሎም ባመጡት ሰው አፍረው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ማገር ሲይዙ ዋሉ። አዲሱ ሚስማር የእኔ፣ የባከነው ቀን የደጉ፣ የተዘጋው ሱቅ የጎረቤቴ፤ ያቺ ጥላ በጠቅላላ ዘጠኝ ሺህ ብር አስወጣችን።