ክቡር አቶ ይቀዳ እና «ሰርዝ»

በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ነገር መጣል የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ካርቶን ያከማቻል፣ ሌላው ቂም። ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ የደረሷት ግን ድምፅ የሚያከማቹ ናቸው፤ የድምፅ ቅጂ ሠራተኛው፣ በቅጽል ስማቸው ክቡር አቶ ይቀዳ።

አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ክቡርነታቸው ከስልካቸው ቀና ብለው አያውቁም። የአዳራሹን መቅጃ ኮምፒዩተር የሚያዙት በእሱ ነው። ደረጃ ላይ ሆነው፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሳይቀር ያዛሉ። «ከርቀት እኮ ነው!» ይላሉ። ማስጀመሩን ያውቁበታል፤ ማስቆሙን ይረሱታል። ስብሰባው አልቆ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳል ሲቀዳ ይውላል። የፋይሎቹ ስምማ ጉድ ነው፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ»፣ «አሁንስ የመጨረሻ»።

«ኧረ እባክዎ፣ የቆየውን ያጥፉልን!» ስትላቸው፣

«ይቀመጥ እህቴ! ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል?»

በላ እንጂ! ባለፈው ሳምንት ኮምፒዩተሩ ሞልቶ አልቀዳም አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የቆየው ሁሉ እስከ እኩለ ቀን እንዲጠፋ አዘዙ። ጸሐፊዋ ክው አለች። አምና ከስብሰባ በኋላ፣ ሰው በሌለበት አዳራሽ፣ እኚሁ ሥራ አስኪያጅ «የክፍል ኃላፊነቱ የአንቺ ነው» ብለዋት ነበር፤ አሁን ዓይናቸውን በጨው አጥበው «አላልኩም» ይላሉ። የሹመት ኮሚቴው ደግሞ ስለ ቦታው የሚወስነው ዛሬ ከሰዓት ነው። ያላት ምስክር ያ ሳይቆም የቀረ ቅጂ ብቻ ነው።

እየሮጠች ብትደርስ፣ ክቡርነታቸው ደረታቸውን ነፍተው ጠበቋት።

«ሰረዝኩት!»

«አንድ ቀን ቢታዘዙ፣ እሱም ዛሬ?» እንባዋ መጣ። «ምኑን ነው የተጫኑት?»

«‹የቆዩት ይሰረዙ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹እሺ› እና ‹ሰርዝ› የሚሉ ነበሩት። ‹ሰርዝ› አልኩታ!»

በዚያ ሶፍትዌር «ሰርዝ» ማለት «ትእዛዙን ተወው» ማለት ነው። አንዲት ቅጂ አልጠፋችም። በሥራው ያረጁ ሰው ይህን አለማወቃቸው ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት መሳቂያ ይሆናት ነበር።

የአምናውን ቅጂ ከፍታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የሥራ አስኪያጁ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ። ቀጥሎ የእሷ ኮቴ ራቀ፣ በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ አሁን የሚሰማው የአቶ ይቀዳ ድምፅ ነው።

«ጌታዬ፣ የዚህችን ልጅ ነገር አደራ። የእኔን ጣጣ ሁሉ ተሸክማ ክፍሉን ያቆመችው እሷ ናት።»

አራት ዓመት ስታማቸው ኖራለች። አፈረች።

ለኮሚቴው የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ብቻ ቆርጣ አቀረበች፤ ቦታውም ጸናላት። የቀረውን ለራሷ አስቀመጠችው።