ጭጋግ ውስጥ የገባችው ጎል

እግዜር ከተማ ሲቆረቁር መጀመሪያ የሚያስቀምጠው አንድ ጎል ያገባ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያውና ሰካራሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ከዳኑብ ወንዝ ዳር ተነሥታችሁ እስከ ተራሮቹ ድረስ ብትሄዱ፣ ድሮ አጥቂ የነበረ ሽማግሌ የሌለበት መንደር ካገኛችሁ እኔ ስሜን እቀይራለሁ። ጉልበቱ ያመዋል፣ ቱታ ከላዩ አይወልቅም፣ ስለ ዝናብ ብታነሡበት እንኳ ጨዋታው ወደ ጎሉ ሳይዞር አትላቀቁም።

የእኛ ከተማ ዕጣ ኔያ ቱዶሬል ናቸው። ኔያ እዚህ እኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው የምንለው ነው፤ ጋሼ ብላችሁ ውሰዱት። ክቡርነታቸው የቀዛፊው እግር ኳስ ክለብ የቀድሞ ዘጠኝ ቁጥር ሲሆኑ፣ የሚኖሩት በአፓርታማችን ከእኔ ራስ በላይ ነው። ስለዚህ ጎሉን ደረጃ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በክረምት ደግሞ በማሞቂያው ቧንቧ በኩል ሰምቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲሮጡ ከርመው ያገቡት ጎል ብዙ አይደለም። ሜዳችን ወንዙ ጥግ ነው፤ ከአንደኛው ጎል ጀርባ በቀጥታ ዳኑብ ስለሆነ፣ እሳቸው የሳቷቸው ኳሶች ማዶ ቡልጋሪያ ሄደው ነው የሚያርፉት ይባል ነበር። ታዲያ አንድ ኅዳር ወር ላይ ለዋንጫ ጨዋታ ከዋና ከተማችን ከቡካሬስት ትልቁ ክለብ መጣ፤ ጭጋጉም ከወንዙ ተነሥቶ አብሮ መጣ። እንዲህ ያለ ጭጋግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰው የገዛ እጁ አልታየው ብሎ የጎረቤቱን ሱፍ እየዘገነ ይበላ ነበር። ጨዋታው መቆም ነበረበት፤ ቡካሬስቶቹ ግን ባቡር እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ፊሽካ ተነፋ። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ድምፅ «ገባ!» ብሎ ጮኸ። ማን ማንን እንዳቀፈ ሳናውቅ ተቃቀፍን፤ ከዚያ መተቃቀፍ ሁለት ትዳር ወጥቷል።

ጎሉ እንዴት ገባ? እንደ ኔያ ቱዶሬል ትረካ፣ ኳሷ ከቀኝ መስመር ተሻገረች፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለጎሉ ሰጥተው ወደ ላይ ተነሡ፣ አየር ላይ ተገለበጡ፣ በመቀስ ምት መረቡን ቀደዱት። «በዚያ ጭጋግ ማን አየዎት?» ላላቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጭጋጉን ተወው! ኳሷ ታውቃለች።»

ከተማው ደግሞ የራሱ ትረካ አለው። የጫማቸውን ክር ሊያስሩ አጎንብሰው ሳለ ኳሷ መቀመጫቸውን መትታ ገባች ነው የሚባለው። የቡና ቤቱ ባለቤት ፓንቴሊ በየቀኑ በሩ ላይ ሲያያቸው «ይግቡ ኔያ ቱዶሬል፣ ጎል አግቢውን እዚህ ወንበር ላይ ያሳርፉት!» ሳይላቸው ቀርቶ አያውቅም። እሳቸውም ጎል አግቢውን ያሳርፉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ መቀሱን ለማሳየት እግራቸውን አንሥተው በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ ከነትሪው ሙሽራይቱ ላይ ደፍተዋል። ክራዮቫ ከተማ ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ «የት ጋ ነው ሕመሙ የሚጀምርዎት?» ቢላቸው «ከቀኝ መስመር» አሉት። ንስሐ ሲገቡ እንኳ አባ ግሪጎሬ ትዕግሥታቸው አልቆ «ልጄ፣ ኃጢአትህን ነው የጠየቅሁህ፣ ጎልህን አይደለም» ብለዋቸዋል።

እንስቃለን። ምን እናድርግ? ሌላ የሚያስቅ ነገር የለንም። ክለቡን ይቀልብ የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ አረም ወርሶታል። ወጣቱ ስፔንና ጣሊያን እንጆሪ ለቀማ ሄዶ ቀረ። ክለቡ ፈረሰ፤ የጎሉን ብረት ሳይቀር ሌባ ነቅሎ ለቁራሌው ሸጦታል። ሜዳው ላይ አሁን የሚሮጡት ፍየሎች ናቸው። የድሮዎቹ ቀዛፊዎች ደግሞ አንድ በአንድ ኮረብታው ላይ ወዳለው መቃብር ወጥተው፣ ቡድኑ በረኛውም ተከላካዩም ተሟልቶ ተኝቷል፤ የሚጎድለው አንድ አጥቂ ብቻ ነው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ኔያ ቱዶሬል ናቸው፣ ያውም እየሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

በዚህ የጸደይ ወራት ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ የነገራቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ ብቻ ከክራዮቫ እንደተመለሱ የቁም ተዝካራቸውን እንደሚያወጡ አስታወቁ። በእኛ አገር ወራሹን ያላመነ ሰው በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ራሱ ያወጣል። የእሳቸው ልጅ ያለው ስፔን ነው፤ ለቀብሩ እንደማይደርስ ያውቁታል። በዚያ ድግስ ላይ በእጅህ የሰጠኸው ነገር ሁሉ በወዲያኛው ዓለም ቆይቶ ይጠብቅሃል ይባላል፤ ስለዚህ ሰው ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ ማንቆርቆሪያ ይሰጣል። ኔያ ቱዶሬል ኳስና የድሮ ታኬታቸውን አዘጋጁ።

«ሰው ይስቅብናል!» አሉ ባለቤታቸው ስታና፤ ድምፃቸው በቧንቧው በኩል ቁልጭ ብሎ ነበር የሚሰማኝ። «ማንቆርቆሪያ ስጥ እንደ ሰው!»

«ታዲያ እዚያ ማንቆርቆሪያ እየለጋሁ ልኑር?»

ከተማውን ያናወጠው ግን ታኬታው አይደለም። ኔያ ቱዶሬል ዛምፊርን መጥራታቸው ተሰማ። ዛምፊር የዚያን ቀን የቡካሬስቱ በረኛ ነበር፤ ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ እንዴት እንደገባ ሊያይ የሚችል ብቸኛ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተያይተው አያውቁም። አሁን ሰውየው ክራዮቫ ልጁ ቤት ነው ያለው አሉ። ያልተጠራው ሁሉ መጣ። ሁሉም መቀመጫ የምትለዋን ቃል ከራሱ ከበረኛው አፍ ሊሰማ ነው የመጣው፤ እኔንም ጨምሮ።

ጠረጴዛዎቹ አፓርታማው ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። አባ ግሪጎሬ በስኳር የተለወሰውን የስንዴ ንፍሮ ባርከው፣ ለያንዳንዳችን ፎጣና ሻማ ታደለን። ዛምፊር በልጁ በዶይና ክንድ ተደግፎ ገባ። ቁመቱ ዛሬም በር ይሞላል፤ እጆቹ አካፋ ያካክላሉ። ኔያ ቱዶሬል ቱታቸውን አውልቀው ከረባት አስረዋል። ሲነሡ ጠረጴዛውን ይዘው ነው የተነሡት። ያኔ ነው ሰውየው እንደፈሩ የገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ስቄባቸው አንድ ቀን ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ይለይለታል!» አለ ፓንቴሊ። «በእግር ነው ወይስ በ…» ስታና ጭልፋቸውን ሲያነሡ ዝም አለ።

«ዛምፊር ወንድሜ» አሉ ኔያ ቱዶሬል። «እዚያ የነበርከው አንተ ነህ። ሳትሰስት ንገረን። እንዴት ነው የገባው?»

ዛምፊር ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ፊቱ በፈገግታ በራ።

«ሾርባው ግሩም ነው» አለ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዶይና ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኔያ ቱዶሬል። አባባ ኳስ መጫወቱንም ረስቶታል። እኔንም አንዳንድ ቀን ነው የሚያውቀኝ። በስልክ ልነግርዎ ነበር፤ እርስዎ ግን እንዴት ደስ እንዳለዎት ስሰማ አፌ እንቢ አለኝ።»

ዛምፊር በዚያ ትልቅ እጁ የኔያ ቱዶሬልን እጅ ያዘና እየደባበሰ «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አላቸው።

ክቡር አጥቂያችን ቆመው ቀሩ። ሲስቅባቸው የኖረ ከተማ ሙሉ ፎጣና ሻማ ይዞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተነሣሁ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ። «ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። መቀስ ነው።»

ፓንቴሊ ዞሮ አየኝ። አለቀልን፣ ሊያዋርደን ነው ብዬ ጠበቅሁት። ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። «እኔም አይቻለሁ» አለ። «ታኬታው ከራሳቸው በላይ ነበር፣ እግዜር ይመስክር!» ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው አየሁ አለ፣ ፖስተኛው አየሁ አለ፣ ያን ጊዜ ጭራሽ ያልተወለደች የፖስተኛው ሚስትም አየሁ አለች። አባ ግሪጎሬ ብቻ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ራስ መነቅነቅ ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ዛምፊርም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አጨበጨበ።

ኔያ ቱዶሬል አልሳቁም። ስጦታው ሲጀመር ኳሱን ለፓንቴሊ ሰጡት፤ ወደ እኔ መጥተው ታኬታውን ከሻማ ጋር አስያዙኝ። እንደ ወጉ «እግዜር ይቀበልልዎ» አልኩ። እጅጌዬን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ሳቡኝ።

«ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ከጎሉ ጀርባ ዳኑብ ነው ያለው። ዓሣ ነበርክ?»

ዓይኔን ወደ ታኬታው ጣልኩ።

«በዚያ ጭጋግ ማንም አላየም» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔም አላየሁም። አንድ ነገር ገፋኝ፣ ወደቅሁ፣ ፊሽካ ሰማሁ፣ ልጆቹ ተከመሩብኝ። ‹እንዴት አድርገህ ነው የመታሃት!› ሲሉኝ ምን ልበል? አንዴ ተናገርኩ፤ ከዚያ መመለሻ የለውም። የሚያውቀው ዛምፊር ብቻ ነበር። ስታና በየዓመቱ ‹ደውልለትና ተገላገል› ትለኛለች። ፈራሁ። መቀመጫዬም ቢሆን ግድ የለኝም ነበር እኮ። እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ቢሆንስ?» ዛምፊር ንፍሮውን በማንኪያ እየለቀመ ወደሚበላበት ዞረው አዩ። «አሁን ደግሞ አልቋል። ሳላውቀው ልሄድ ነው።»

ምን ይባላል? እኔ በሕይወቴ ጎል አግብቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ዘመን አንድ ጥያቄ ተሸክሜም አላውቅም። ሰውየው የሚያወሩልን ሲመስለን ለካ ሲጠይቁን ነው የኖሩት። ታኬታውን አቅፌ ቆምኩ።

ከረባታቸውን ሲፈቱ ቆዩና፣ እኔን ሳያዩ «ለማንኛውም» አሉ። «አይቻለሁ ካልክ አይቀር… ኳሷ የመጣችው ከየት ነው? ከቀኝ ነው ከግራ?»

ከቀኝ ብላቸው የራሳቸውን ወሬ እንደመለስኩላቸው ያውቁብኛል።

«ከግራ» አልኩ።

«ከግራ!» ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። «አየህ፣ እኔ ሁልጊዜ ከቀኝ ነበር የሚመስለኝ። እሺ፣ ከዚያስ? በዚያ ጭጋግ መሐል እንዴት አድርጌ አገኘኋት?»

«ጭጋጉን ይተዉት፣ ኔያ ቱዶሬል» አልኩና አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።