ጠግበዋል ተብለን የተጻፍን ጊዜ

የሰውን ኑሮ በቁጥር የሚለካ ትምህርት አለ ብሎ የልጅ ልጄ አስረዳኝ። የሁሉንም ድሎት ይደምሩታል፣ ለሰዉ ሁሉ ያካፍሉታል፣ ከዚያ አገሩ ደልቶታል ወይም ከፍቶታል ይባላል። እኔ ፊደል ሳልጨርስ የተዳርሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ትምህርት ግን እናንተ ሳትወለዱ ጋይንት ላይ አይቼዋለሁ። ያውም ዶሮዬን አስከፍሎኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ፣ የምኖረውም ከባሌ ጋር አማቴ ቤት ነው። አቤት አማቴ! ቀሚሳቸው ተጥፎ ተጥፎ የፊቱ መልክ ቢጠፋም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲሄዱ ወይዘሮ ነበር የሚመስሉት። ዛሬም ያንን መንደር ሳስብ ቀድመው የሚታዩኝ እሳቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መታው። ጎተራው ተጠርጎ አለቀ። እህል ሊታደል ነውና የተራበው ይለይ ተባለና አንድ ጸሐፊ በበቅሎ መጣ።

የእኛን አገር ሰው መቼም ታውቁታላችሁ። እንግዳ ጾሙን ይመለስ? አማቴ የቀረችንን አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ አሳረዱ። ቅቤው ከጎረቤት፣ በርበሬው ከጎረቤት ጎረቤት መጣ። ጸሐፊው ጣቱን እየላሰ፣

«ኑሮ እንዴት ነው እማማ?» አላቸው።

«ተመስገን ነው ልጄ፣ ምን ጎድሎብን!»

«ልጆችስ ስንት ናቸው?»

ከባሌ ሌላ አምስት ልጆች አሏቸው። ዓይን እንዳይበላቸው ብለው «ሁለት» አሉ። ሦስቱ ጓዳ ተደብቀው የወጡን ሽታ ይምጋሉ። ጸሐፊው ጻፈ። ከእኛ ወጥቶ የሚቀጥለው ቤት ገባ፤ እዚያም ዶሮ። እንዲህ እንዲህ እያለ የመንደሩን ዶሮ ጨርሶ ሄደ።

እህሉ ንፋስ መውጫ ከተማ ገባ ሲባል ከአማቴ ጋር በእግር ወረድን። ከስማዳውም ከእስቴውም የመጣው ሰው ተኮልኩሏል። የሚያድለው ሹም ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «የእናንተ መንደር ሰው ጥቂት ነው፤ በየቤቱም ዶሮ ይበላል ይላል» አለን።

ዶሮውን ሁሉ የበላው አንድ ሰው። የጠገብነው እኛ!

«ወይስ ተርባችኋል?» ብሎ አማቴን ጠየቃቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኛ? እኛማ ተመስገን ነው፣ ጌታዬ።»

ቤት የቀሩት ልጆች በዋዜማው የቀመሱት ጎመን ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ጨው። ሙሽራ ደግሞ አማቷ ባሉበት አፏን አትከፍትም። እኔ ከፈትሁ።

«ርቦናል! ዘጠኝ ነፍስ ነን!»

«እስቲ ቁጠሪ» አለ ሹሙ። አማቴን፣ ባሌን፣ አምስቱን ልጆችና ራሴን ቆጠርሁ። «ስምንት ነው» አለኝ።

«ዘጠነኛው እዚህ ነው» ብዬ ሆዴን መታ መታ አደረግሁ።

«ያልተወለደ አይቆጠርም።»

«ሲርበው በእኔ አፍ ነው የሚበላ፤ እሱን ካልቆጠሩ እኔን ሁለት ይበሉኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ይችን ዳኛ አድርጓት!» አለ አንዱ የእስቴ ሰው። ሹሙም ሳይወድ ሳቀና የዘጠኝ ሰው ስንዴ አሰፈረልን፤ የመንደራችንንም ሰው እንደገና ቁጠሩ ብሎ አዘዘ።

መንገዱን ሙሉ አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከፊቴ ከፊቴ ገሰገሱ። እስኪሞቱ ድረስም ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ይች ምራቴ በስማዳ ሰው ፊት ተርበናል ብላ ያዋረደችኝ ናት» እያሉ ነበር የሚያስተዋውቁኝ። ነፍስ ይማር፤ ያ ቁጣቸው ዛሬ ይናፍቀኛል። መጀመሪያ የተቆጡኝ ያንኑ ዕለት ነው፤ ከስንዴው ንፍሮ ቀቅዬ አቀረብሁላቸውና ጉንጫቸው እስኪወጠር ጎርሰው፣ «አሳጣሽኝ!» አሉኝ።