ግራ ትከሻዬ በቀበሌ ስብሰባ

ሰው አካሉን የሚያስታውሰው ሲያመው ነው። ደህና ሆኖ ሳለ ጉልበቱን አመስግኖ የሚያድር ሰው አይታችኋል? እኔም ትከሻ የሚባል ነገር እንዳለኝ ትዝ ያለኝ በቅሎ ከጣለችኝ በኋላ ነው። በቅሎዋ እንኳ በራሱ ነው የወደቀው ባይ ናት።

የወደቅሁት በግራ ጎኔ ነው። በደርግ ዘመን ሰው ቢወድቅ እንኳ ጎኑን መርጦ መውደቅ ነበረበት፤ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ቡጢ ጨብጦ የሚወጣው ግራ እጅ ነዋ! የእኔዋ ደግሞ ከደረቴ በላይ አልሄድም ብላ አመፀች። ቀኝህን አታወጣም ወይ እንዳትሉኝ። ቢቸና ውስጥ ለመፈክር ቀኝ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ወሬውን የሚነግረን አላገኘንም።

ታዲያ አሞኛል ብል ምን ነበረበት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ግን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር አያውቀውም። አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ጉሮሮዬን አሞኝ ነው ዝም ያልሁት ቢለው፣ ሕመምህ የጉሮሮ ሳይሆን የአመለካከት ነው ብሎ ለጥያቄ ወሰደው። ሲመለስ ድምፁ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ አስተማሪ ሳያመውም ይጠረጠራል። ፈራሁ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ያሳለፉልኝ ከኋላዬ የተቀመጡት ጎረቤቴ መምሬ ታዬ ናቸው። «ይውደም!» ሲባል መቋሚያቸውን ከክርኔ ሥር አስገብተው ሽቅብ ገፉት። እጄ ወጣች፤ ነፍሴም አብራ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ያን ዕለት «ይውደም» ያልሁት ከልቤ ነው፤ ማን እንደሚወድም ግን አልሰማሁም። ስንወጣ መምሬ በጆሮዬ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልክህን መቋሚያ ይዤ አልከተልህም፣ ሞጣ ሄደህ ታየው አሉኝ።

የሞጣው ሐኪም እጄን ይዞ እሱው ወደ ላይ አነሳት። ብጮህም ወጣች። በሰው እጅ የምትነሳ ከሆነ መገጣጠሚያው አልታሰረም፣ የተጎዳው ጅማቱ ነው አለኝ። ጥቂት ከሆነ ጉዳቱ በእንቅስቃሴ ይመለሳል፤ ጨርሶ ተበጥሶ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን ነው። የእኔ የትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን እጅዎ ይነግረናል አለኝ። በየቀኑ በቀስታ እንዳነሳት፣ ከፍ እያለች ካልሄደች ሳልዘገይ እንድመለስ አዘዘኝ። ቢላዋውን ሳስበው ላብ አጠመቀኝ። ለመሆኑ አዲስ አበባ መሄጃውን የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ማን ነው? ያው ሊቀመንበሩ!

የቤቴ ጣሪያ እጅ አያስዘረጋም፤ በር ላይ ቆሜ እጄን ባነሳ ባወርድ ደግሞ ለማን ምልክት ይሰጣል መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ልምምዴን ስብሰባ ላይ አደረግሁት። መቼም በዚያ ዘመን ስብሰባ ያልነበረበት ቀን ካለ እኔ አላስታውሰውም። ጥርሴን ነክሼ፣ እንባዬ እየወረደ አነሳታለሁ። ከአገጬ ደረሰች፤ ሰንብታ ከጆሮዬ። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» ሲባል ከልቡ የሚጮኸው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሌላው እጁን ሲያወርድ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ሊቀመንበሩም ያየኛል።

አንድ ቀን እጄ ከራሴ በላይ ቀጥ ብላ ወጣች። ቢላዋው ቀረ! ከደስታዬ ብዛት አለቀስሁ። ወዲያው ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ ስሜን ጠራ። በቃ ነቃብኝ አልሁ። እሱ ግን ለተሰብሳቢው፣ እናንተ እጃችሁን ለማውረድ ስትሽቀዳደሙ ይህ ጓድ በእንባ መፈክር ያሰማል፣ ከዛሬ ጀምሮ የቅስቀሳ ኃላፊያችን ይሁን አለ። የቅስቀሳ ኃላፊ ማለት እንግዲህ እጁን በደንብ ያላወጣውን ሰው እያየ ለሊቀመንበሩ የሚናገር ማለት ነው።

የሚደግፍ ተባለ፤ የአዳራሹ እጅ ሁሉ ወጣ። የሚቃወም እጁን ያውጣ ተባለ።

የምቃወመው እኔ ነበርሁ። ትከሻዬ ድኗል፣ ጅማቴም ደህና ነው፤ እጄ ግን ከጭኔ ላይ አልነሳም አለች። ለዚህኛው ሕመም ኦፕራሲዮን ይኑር አይኑር ሐኪሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።