ሞራ የበላው የአባዬ ዓሣ

ዛሬ ያዋረድኩት ራሴን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ጉዴን ስሙኝ!

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚህ አዳማ ጓሯችን ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ዓሣ ያረባል። እንደ ልጆቹ ነው የሚያያቸው። እንደኔ ሳይሆን እንደ ጨዋ ልጅ!

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሸጥ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ለጾም አዘውታል፣ እሱም ለዚህች ቀን እንዴት እንደጓጓ አትጠይቁኝ። (በጾም ዓሣ አይበላም የምትሉ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ፣ እኛ ሰፈር ይበላል።)

ቅዳሜ ለለቅሶ ደራ ሄደ። መኖውን፣ ፉርሽካና ፋጉሎውን አሳይቶኝ፣ ሌላ ምንም እንዳልጨምር አስጠነቀቀኝ።

እኔ ደግሞ ቪዲዮ አይቻለሁ! መኖው ፋት ከሌለው ዓሣ አያድግም ይላል ሰውየው። ልክ ነው። ግን እሱ ያለው የዓሣ ዘይት ነው። እኔ የዓሣ ዘይት ከየት ላምጣ?

ትናንት ደግሞ ቅበላ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ሞራ በሞራ ሆኗል። ለምኜ ወሰድኩ፣ አቀለጥኩ፣ ከፉርሽካው ጋር ለወስኩ፣ በተንኩ።

ከዚያስ?

ላይቭ ገባኋ! «የአባዬን ዓሣ በበሬ ሞራ እያደለብኩ ነው» እያልኩ።

ዛሬ ጾሙ ገባ። ጠዋት ስነሳ ሞራው ረግቶ ኩሬው ላይ ነጭ ሽፋን ሠርቷል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው አየር ፍለጋ ይንጠራራሉ። በወንፊት ስጠርግ አረፈድኩ። ደግነቱ ብዙዎቹ ተረፉ።

አባዬ ሲመጣ ግን ያዘዙት እናቶች በር ላይ ቆመዋል። ላይቩን ልጆቻቸው አሳይተዋቸዋል። ጎረቤታችን አዴ ዲንቂ በሐዘኔታ አዩኝ።

«ልጄ፣ ዓሣው ራሱ ገድፏል እኮ።»

እኔ ማፈር ሲገባኝ ተከራከርኩ! የበላው ትናንት በቅበላ ነው አልኩ።

«ሞራው ግን ዛሬም ሆዱ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ሁሉም ትዕዛዛቸውን ሰረዙ።

አባዬ ኩሬውን አየ፣ እኔን አየ። ሲጮህብኝ ልሰማ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«እሷን አትቆጧት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አላቸው።

አባዬ በቀልድ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም። ጾሙን በውሸት ጀመረው፣ ለኔ ብሎ።

አሁን ብቻውን ሳሎን ተቀምጧል። ይቅርታ ልለው ስንቴ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ላይቭ ስገባ ያላፈርኩት እኔ፣ አንድ አባቴ ፊት መግባት እንዴት አቃተኝ?