ሳሎን ውስጥ የተንሳፈፈች ጀልባ

አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን ያስወጣኛል ብዬ አንድ ማታ ተቀምጬ አሰላሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ውዬ ከማገኘው ላይ ግማሹን ልጄን የምትጠብቅልኝ ጎረቤት ትወስደዋለች። ከቀረው ታክሲው ይቆርጣል። የተረፈውን ምሳ ይበላዋል። ለኔ የሚደርሰኝ የእግር ሕመሙ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ልካፈልሽ አይለኝም።

ስለዚህ ሥራዬን ለቀቅኩና ባጠራቀምናት ገንዘብ ሁሉ የሚነፋ ጀልባ ገዛን። ሐሳቡ የኔ ነው። ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ጀልባችን ላይ ይቀመጣል፤ ወንዙ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወስደዋል፤ እሱ መንጠቆውን ጥሎ ይዝናናል። ባሌ ይቀዝፋል፤ ወንዝ ዳር ስላደገ ዋናም ቀዘፋም ያውቃል። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ አፍ ስላለኝ። ታች ድልድዩ ጋ የባሌ ወንድም በፒክአፕ ይቀበለናል። የማወራው ስለ ዋዜማው ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛ በስልክ ተመዝግቧል፤ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሌላ ደንበኛ የለንም። እሱ ካልወደደን ሰኞ ወደ ፎቶ ኮፒው እመለሳለሁ። ባለቤቱ «ወንበርሽ ይጠብቅሻል» ብለውኛል። እዚያ ቤት ስሠራ ወንበር አይቼ አላውቅም።

እነሆ ልምምዳችን።

(ሳሎን፤ ከምሳ በኋላ። ጀልባዋ ተነፍታ ወለሉን ሞልታዋለች። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቤቱ ስለጠበባት አፍንጫዋ በበሩ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩም አልተዘጋም። ልጃችን መኝታ ቤት ተኝታለች። ባሌ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ጀልባው መሐል ተቀምጧል፤ ለዛሬ ደንበኛ እሱ ነው።)

ባሌ፦ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ከያዝኩት በኋላ ለምንድነው የምመልሰው?

እኔ፦ ቀስ ብለህ አውራ፣ ልጅቷ ትነሳለች። አሠራሩ ነው። ዘመናዊ አጥማጅ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቃል።

ባሌ፦ ከፍሎ?

እኔ፦ ከፍሎ።

ባሌ፦ በጤናው?

እኔ፦ ቆይ፣ አንተ አሁን ባል ነህ ወይስ ደንበኛ?

ባሌ፦ (አስቦ) ደንበኛ።

እኔ፦ እንግዲያው እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ።

ባሌ፦ ባል ብሆንስ?

እኔ፦ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።

(ይቀመጣል። ግንባሩን ይቋጥራል፤ ሐሳብ ሲመጣበት እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ቶሎ አይመጣበትም።)

ባሌ፦ የለቀቅኩትን ዓሣ ነገ ሌላ ደንበኛ ሊይዘው ይችላል?

እኔ፦ ይችላል።

ባሌ፦ በሚቀጥለው ሳምንትስ?

እኔ፦ ካልሞተ ምን ይከለክለዋል?

ባሌ፦ ታዲያ አንድ ዓሣ ይበቃናላ።

(እዚህ ላይ ጥቂት ተከራከርን። እሱ ጠባየ መልካም የሆነ አንድ አምባዛ ፈልገን በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ብናሳድገው ብዙ ድካም ይቀርልናል አለ። እኔ ዓሣ ሠራተኛ እንዳልሆነ አስረዳሁት። እሱም ከሁላችን ይበልጥ የሚሠራው ዓሣው መሆኑን፣ እረፍት እንኳ እንደማይሰጠው አስረዳኝ። ነገሩን በመቅዘፊያው ጫፍ ጎኑን ነካ አድርጌ ዘጋሁት።)

እኔ፦ በቃ፣ ጀመርን። (ጉሮሮዬን ጠርጌ) ክቡር ደንበኛችን፣ እንኳን ደህና መጡ። በስተቀኝዎ የሚመለከቱት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ለብዙ ዘመን ውኃው የቦረቦረው ነው።

ባሌ፦ ቴሌቪዥኑ ነው።

እኔ፦ ድንጋይ ነው።

ባሌ፦ እሺ። ድንጋዩ ላይ ኳስ ሲጀምር ንገሪኝ።

እኔ፦ በስተግራዎ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው።

ባሌ፦ ያልታጠፈው ልብስ?

እኔ፦ እሱን ያላጠፈው ማን እንደሆነ አስጎብኚዋ ብትገልጽ ደንበኛው ያፍራል።

(ስለ ውኃው ፍጥነት፣ ስለ ደመናው፣ ዓሣ ጥላ ስለ መውደዱ በተከታታይ ገለጽኩለት። ሁሉንም ከቪዲዮ ነው የተማርኩት፤ ልጄን እያጠባሁ ስለማይ ብዙዎቹን በአንድ ዓይን አይቻቸዋለሁ።)

እኔ፦ አሁን ወደ ዋናው ሕግ እንመጣለን። ዋናው ሕግ ዝምታ ነው። ዓሣ ይሰማል። ድምፅ ውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። እንዴት ነው የሚሄደው ቢሉ፣ በመጀመሪያ ድምፅ ማለት ምንድን ነው ከሚለው ብንነሳ…

ባሌ፦ ዝምታው መቼ ነው የሚጀምረው?

እኔ፦ ስለ ዝምታው ገልጬ ስጨርስ።

(ገለጽኩ። ገልጬ ስጨርስ አንዳንዱን ነገር የዘለልኩ ስለመሰለኝ ከመሐሉ ደገምኩት።)

ባሌ፦ አንድ ጥያቄ። ጀልባው ቢገለበጥስ?

እኔ፦ አይገለበጥም።

ባሌ፦ ቢገለበጥ ነው የምልሽ።

እኔ፦ ላይፍ ጃኬት ለሁላችንም ገዝተናል።

ባሌ፦ አንቺማ ጃኬቱም አያድንሽ። አፍሽ ሳይዘጋ ነው ውኃ የምትገቢው።

እኔ፦ ደንበኛ እንዲህ አይናገርም።

ባሌ፦ ለአፍታ ባል ሆኜ ነው። ተመልሻለሁ።

(ዘንጉን ወደ ኋላ አንስቶ ይወረውራል። ክሩ ጭንቅላቴን ያልፋል። ይጎትታል።)

ባሌ፦ ያዘ።

እኔ፦ መጋረጃው ነው የያዘው።

ባሌ፦ ከባድ ነው። ፎቶ አንሺኝና ልልቀቀው።

እኔ፦ እንዳትነካው። መንጠቆ ማላቀቅ ሞያ ነው፤ ወደ መጣበት አቅጣጫ ጠምዘዝ፣ ከዚያ ገፋ…

(ጠምዘዝ አድርጌ ገፋሁ። መጋረጃው ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። ባሌ ዘንጉን ታቅፎ ወደ ጀልባው ጥግ ሸሸ።)

እኔ፦ ነገ መጋረጃ የለም። ወንዝ ላይ መጋረጃ ማን ይሰቅላል?

ባሌ፦ እውነትሽን ነው።

እኔ፦ ይልቅ ስለ ትዕግሥት ልንገርዎት። አጥማጅ ማለት ትዕግሥት ነው። ዘንጉን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ዓይንዎን ክሩ ላይ ያሳርፉ፣ እኔን ብቻ ይስሙ።

(ስለ ትዕግሥት ብዙ አወራሁ። ዞር ስል ባሌ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ እንደ ሐውልት ተቀምጧል፤ ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዷል። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ሲያዳምጠኝ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ተነካ። በዚያው ሞቅ ብሎኝ ወደ ዓሣ ዝርያዎች ተሻገርኩ። ዝርያዎቹን ልጨርስ ስል ነው ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን የጠረገው። ሽበታም፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያለበት ሰው በጀልባችን አፍንጫ በኩል አጎንብሶ ወደ ውስጥ ያያል።)

እንግዳው፦ (በሹክሹክታ) አልረብሻችሁም ብዬ ነው እስካሁን የቆምኩት። ለነገ የተመዘገብኩት ሰው ነኝ። ከመሄዴ በፊት ጀልባውን ልየው ብዬ መጣሁ።

(ሶፋው ግድግዳ ላይ ቆሟል፤ መጋረጃው ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ ቁጥቋጦው አልታጠፈም። ከየት ጀምሮ እንደሰማ ለመጠየቅ ፈራሁ።)

እኔ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። አስጎብኚዎ እኔ ነኝ። ስለ ወንዙ በአጭሩ ልግለጽልዎትና…

እንግዳው፦ (እጁን አንስቶ) ቆይ ልጄ። እኔ ባለ ወፍጮ ነኝ። ጠዋት ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እስኪመሽ ይጮህብኛል። ደንበኛው በሞተሩ ላይ ይጮህብኛል። ቤት ስገባም ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ዓሣ ብይዝ ባልይዝ ግድ የለኝም። ግማሽ ቀን ማንም ሳያናግረኝ ውኃ ላይ መቀመጥ ነው የምፈልገው።

(አፌን ከፈትኩ። ዝምታ ዋናው ሕጋችን መሆኑን በዝርዝር ላስረዳው ነበር።)

እንግዳው፦ ይሄ ሰውዬ ማነው?

እኔ፦ ቀዛፊያችን ነው። የማስጎብኘቱን ሥራ ግን…

እንግዳው፦ እዚህ ብዙ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል አልወጣውም። ክሩ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

(ያኔ ነው በባሌ ኮፍያ ሥር አጎንብሼ ያየሁት። ተኝቷል። ስለ ትዕግሥት መናገር ስጀምር ነው የተኛው፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። «ጋሼ፣ ሰውዬው እንቅልፍ ወስዶት ነው» የሚለው ቃል ተሰካክቶ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብናገረው እውነት ነው። ብናገረው ደግሞ ሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ውጬ አላውቅም፤ ሲዋጥ እንደ ዓሣ አጥንት መሆኑን ያኔ አወቅኩ። ዋጥኩት። ባሌ በዚህ መሐል ነቃ፤ ኮፍያውን ቀና አድርጎ ሰውየውን አየው።)

ባሌ፦ ደረስን?

እንግዳው፦ (ለኔ) አየሽ? ሲናገርም አንድ ቃል ነው። በቃ፣ እሱ ብቻ ይምራኝ። ሳምንት ሳምንት እመጣለሁ፤ ወፍጮ ቤት ያሉ ጓደኞቼም እንደኔው የደነቆሩ ናቸው፣ አመጣቸዋለሁ። ላንቺም በየጉዞው ተጨማሪ እከፍላለሁ።

እኔ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ግን ምን ሠርቼ?

እንግዳው፦ ቀርተሽ።

(ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ባሌ እስካሁን ነገሩ ስላልገባው ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበበት።)

ባሌ፦ ስለዚህ ነገ ስተኛ አንቺ አትኖሪም ማለት ነው?

እኔ፦ ነገ ብትተኛ ወንዙ ውስጥ እጥልሃለሁ።

ባሌ፦ ቀርተሽ እንዴት ትጥይኛለሽ?

(የተቀደደውን መጋረጃ ማጠፍ ጀመርኩ።)

በማግስቱ ሄዱ፤ ባሌም አልተኛም፤ ወንዙ ላይ አይተኛም፣ እሱን የሚያስተኛው ገለጻ ነው። ባለ ወፍጮው ምንም ዓሣ ሳይዝ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ጯሂ ሥራ ያለው ሁሉ ይመጣል፤ ከብየዳ ቤት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ፤ አንዲት የመዋለ ሕፃናት አስተማሪም መጥታለች፤ እሷ ጀልባው ውስጥ ስትቀመጥ አለቀሰች ብሎኛል ባሌ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቃትም። እኔ ልጄን ይዤ ስልክ እቀበላለሁ፤ ስልኩን እንኳ ባጭሩ እንድዘጋው ተነግሮኛል። ገቢያችን ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ የሚገኘው እኔ ባለመኖሬ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ግን ትንሽ ይከፋኛል።

ስለዚህ አንባቢ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የድንጋዩን፣ የውኃውን፣ የዓሣውን ዝርያ ሁሉ አጥንቼ ይዤዋለሁ፤ የሚሰማኝ አጥቼ ነው። ዝምታ የሚያስፈራው፣ ብቻውን ሲቀመጥ የሚጨንቀው፣ ሰው ቢያወራለት የሚወድ ዘመድ ካለህ ላክልኝ። ዓሣ ይያዛል ብዬ አልዋሽህም፤ እኔ ካለሁ ሁሉም ይሸሻሉ። ራስህም ብትሆን ና። ስትደውል ግን ባሌ ካነሳው እኔን አገናኘኝ በለው።