ሸኚው ስልኬ

ለዛሬ አጥቢያ በሕልሜ፣ ስልኬ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ የጫማውን ክር ሲያስር አየሁ። ካፖርት ለብሷል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ፊሽካ ይዟል።

«ተነሺ ደብሪቱ» አለኝ። «ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው።»

ሥራዬ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የዝናቡንና የሙቀቱን መጠን እየለካሁ መመዝገብ ነው። የማለዳው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነበባል። ካለፈ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በግምት አይሞላም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ባዶ የለኝም። በቤቴና በሜዳው መካከል ግን ባሕር ዛፍ አለ፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ ደግሞ ሞባይል ነጣቂዎች አሉ። በሕልሜም ይህን አልረሳሁትም። «ጫካውን እፈራለሁ» አልኩ።

«እኔ እያለሁ?» አለ ስልኬ፣ ቅር ብሎት።

ወጣን። ጎረቤቴ ወይዘሮ ስንዱ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እንደ ልማዳችን ልስማቸው ጎንበስ ስል ስልኬ ፊሽካውን ነፋና መሐላችን ገባ።

«ይራቁ» አላቸው። «አንገቷ አጠገብ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሰላም ልላት ነው።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚስሟት?»

«ሦስቴ።»

«አንዱ ለሰላምታ ነው እንበል። የቀሩት ሁለቱ ለምንድን ናቸው?»

ወይዘሮ ስንዱ በጣታቸው ቆጠሩ። የእሳቸው ስልክ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ብሎ «እኔም ስንት ዘመን የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱ ስልኮች ተቃቅፈው ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሌቦች ተሰልፈው ነበር። ፖሊሶቹ የሉም። ቃል የሚቀበለው መነጽር ያደረገ የድሮ የጠረጴዛ ስልክ ነው። ከፊቱ አንድ እጁን በፋሻ የጠቀለለ ጎልማሳ ቆሟል።

«ምን አደረገህ?» አለው የጠረጴዛው ስልክ።

«የነጠቅኩት ስልክ መጀመሪያ ነዘረኝ። ከዚያ አስቀምጦ መከረኝ።»

«የቱ ይበልጥ አመመህ?»

«ምክሩ።»

የጠረጴዛው ስልክ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። የምክሩን ዝርዝር ለመስማት ቆም ስል ስልኬ ቀሚሴን ጎተተኝ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቶን ባሕር ዛፉ ጋ ደረስን።

ሦስት ነጣቂዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጫካው አፍ ላይ ቆመዋል። ከእነሱ ትልቁ ጢማም ሰውዬ ነው። ኮፍያውን አወለቀልኝ።

«እትዬ፣ በፈጠረሽ አሻግሪን። ቤታችን ወዲያ ማዶ ነው። እዚህ ውስጥ ስልክ የያዙ ሴቶች አሉ አሉ። ብቻችንን ካገኙን አለቀልን።»

አሳዘኑኝ። ደግሞም መንገዴ ነው። ስልኬ ከፊት፣ እኔ ከመሐል፣ እነሱ ቀሚሴን ይዘው ከኋላ፣ ገባን። እርምጃዬን እቆጥር ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆን ሜዳው ታየኝ።

«በሉ ደህና ዋሉ» አልኳቸው።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ጢማሙ። «የሸኘን ሰው ብቻውን ይመለሳል? እንሸኝሻለን እንጂ።»

«አልመለስም። ሥራዬ እዚሁ ነው።»

ሦስቱም በፍቅር አዩኝ። «ይሉኝታ ይዟት እኮ ነው» ተባባሉ። ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው መለሱኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ። ቤቴ ወዳለበት ወገን እንደደረስን ግራና ቀኝ አዩና ፊታቸው ገረጣ።

«አሁን እኛን ማን ያሻግረናል?» አለ ጢማሙ።

አሻገርኳቸው። መለሱኝ። እንቢ ባልኩ ቁጥር ይሉኝታዬን እያደነቁ ይበልጥ አጥብቀው ያዙኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሜዳው ዳር ስንደርስ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ ነጩ የቴርሞሜትር ሳጥን ይታየኛል።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «ከፊት ሆኖ የሸኛችሁ እሱ ነው፤ መሸኘት ያለበትም እሱ ነው» ብዬ ስልኬን አነሳሁና ሰጠኋቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። በሕይወታቸው ስልክ በእጅ ተሰጥቷቸው አያውቅም። ጢማሙ በሁለት እጁ ተቀብሎ እጅ ነሳ።

«እኔ የምጠብቀው አንቺን ነው» አለ ስልኬ።

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እያቸው፤ እነሱ ከእኔ ይበልጥ ይፈራሉ።»

አያቸው። ፊሽካውን አስተካከለ። አራቱም ተያይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ገቡ። ስልኬ እነሱን፣ እነሱም ስልኬን ሲሸኙ ይኖራሉ ብዬ አሰብኩ። እኔ ግን ባዶ እጄን፣ ብቻዬን፣ ሜዳው ላይ ቀረሁ።

በሩን ከፈትኩ። ዝናቡ ከመለኪያው ውስጥ ወደ ላይ ይዘንባል። ቦቲ ጫማ ያጠለቀ አንድ ደመና የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዝገቤን ገልጧል።

«እስከ ዛሬ አንቺ ለካሽን» አለኝ። «ዛሬ ደግሞ እኛ እንለካሻለን። ምን ያህል ፈርተሻል?»

«እንዴት ይታወቃል?»

«መለኪያው ውስጥ ነው። አንብቢው።»

ብርጭቆውን አወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ከዓይኔ ጋር አስተካከልኩት። ውስጡ ረጥቧል፤ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ አልደረሰም። እንዲህ ያለውን እኛ ቁጥር አንሰጠውም፤ «ኢምንት» ብለን ነው የምንጽፈው። ሁለቴ አየሁት። ኢምንት ነው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ደመናው እስክሪብቶውን አቀበለኝ፤ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ስጀምር የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ነቃሁ። መብራት ከማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ስልኬ ባትሪው አልቆ ትራሴ ሥር ተጋድሟል፤ የመቀስቀሻ ደወሉም አብሮት ዝም ብሏል። የግድግዳው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሃያ አምስት ጉዳይ ይላል።

«ደብሬ፣ ዛሬ ሥራ የለም?»

ጋሽ ይመኑ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ጎረቤቴ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሲሄዱ በባሕር ዛፉ አሳልፈው ሜዳው ድረስ ያደርሱኛል። ዓመት ሊሆናቸው ነው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኳቸው። «ባይቀሰቅሱኝ ዛሬ ባዶ ይቀርብኝ ነበር። እርስዎ ባይኖሩማ ያንን ጫካ መቼ እደፍረው ነበር?»

«ምን ትላለች ይቺ!» ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «እኔ አይደለሁም እንዴ ያንን ስልክሽን ተማምኜ የምወጣው? ድሮማ ሳይነጋ ንቅንቅ ብዬም አላውቅ። ይዘሽዋል አይደል?»

ወንድሜ ያመጣልኝ ስልክ ነው። ጎኑን ሲጫኑት ይጮኻል፤ ጫፉ ሰው ይነዝራል። በልቤ ቀኑን አሰላሁት። ጋሽ ይመኑ እኔን መሸኘት የጀመሩት ስልኩ በመጣ በሳምንቱ ነበር። ስሌቱ ምስጋናዬን አልቀነሰውም።

«ይዤዋለሁ» አልኩ፤ በድኑን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ።

«በይ እንግዲያው ቅደሚ» አሉኝና ክንዴን ያዙ።